የዓርብ ወረቀት

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ከታች ቆመሽ ነው ጎረቤቱን የምትጣሪው? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ ይደውላሉ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እንደ ልማዴ ከላይ ቤት ሴትዮ ጋር ስለ ውሃ ቧንቧው እጨቃጨቃለሁ። የቀረውን ግን «ደህና ነኝ» ብዬ ልዘለው አልቻልኩም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስደነግጥሽ አውቃለሁ። በስልክ ብጀምረው አንቺ «ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ?» ስትዪ፣ እኔ ሳለቅስ፣ ሳንደማመጥ እንዘጋዋለን። ደግሞ እማዬ ከሞተች ወዲህ እኔና አንቺ በስልክ የምናወራው ስለ ዝናብና ስለ ብርድ ብቻ ሆኗል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወደ እሱም እመጣለሁ። አሁን ግን የሆነውን በተራ በተራው ልንገርሽ። በተራ መናገር መቻሌንም ራሴን ልፈትንበት።

እንደምታውቂው ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በየዓርቡ ለወላጆች አንድ ገጽ ወረቀት እልካለሁ። ሌሎቹ መምህራን በኮምፒውተር ነው የሚያወጡት፤ እኔ በእጄ እጽፈዋለሁ፣ ጸሐፊዋ ታባዛልኛለች። ከላይ «በዚህ ሳምንት የተማርነው» ይላል፤ መቀነስ ይሁን፣ የእንስሳት መኖሪያ ይሁን፣ ቤት ውስጥ ጮክ ብለው የሚያነቧቸው ቃላት ይሁኑ። ከታች «እንዳይረሳ» የሚል ርእስ አለ። ሰኞ ጥፍር ተቆርጦ ይምጡ፣ ረቡዕ የቃል ጥናት ፈተና አለ፣ ሐሙስ የስፖርት ልብስ፣ የውሃ ኮዳ ላይ ስም ይጻፍ። ልጆቹ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል፤ ወላጅ ፈርሞ ሰኞ ይመልሰዋል። ትንሽ ነገር ነው፤ እኔ ግን እኮራበት ነበር። «የእሷ ወረቀት ካለ ቀን መቁጠሪያ ምን ያደርጋል?» ይሉኝ ነበር እኮ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የመምህራን ስብሰባ ስለነበረ ትምህርት የሚያበቃው እኩለ ቀን ላይ ነበር። ደወሉ ተደወለ። የሌላው ክፍል ወላጅ በሩን ሞልቶታል፤ የእኔዎቹ የሉም። ከሠላሳ አራቱ ልጆች ሌላ ክፍል ወንድም ወይም እህት ያላቸው አምስቱ ብቻ ከእነሱ ጋር ተወሰዱ። ሃያ ስምንቱ ቦርሳቸውን አዝለው ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ። አንዷ ዱሮውንም አልመጣችም፤ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፣ ከእናቷ ጋር ሌላ ከተማ ሄዳለች። 

ንዴቴን አትጠይቂኝ። ለጥበቃው ምን እንዳልኩት ልንገርሽ፦ «የዛሬ ወላጅ እኮ ማንበብ ትቷል። እኔ ለማን ነው የምጽፈው? ለግድግዳ?» አልኩት። እሱም ራሱን እየነቀነቀ «ዘመኑ ነው ቲቸር» አለኝ። አቤት የዚያን ቀን ምላሴ! ለሦስት ወላጆች ደውዬ ተቆጣሁ። አንዱን አባት፣ ታክሲ ነጂውን፣ «መውለድ ብቻውን ወላጅ አያደርግም» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «መጣሁ ቲቸር፣ ይቅርታ» አለኝ። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። ይህችን ልብ በዪልኝ።

ስልኩን ዘግቼ ልጆቹን ስቆጥር ሃያ ሰባት ሆኑ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሃያ ሰባት።

የጎደለችው ሚጢጢ ናት። ስሟ አይደለም፤ ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ ስለሆነች ልጆቹ ያወጡላት ነው፣ እሷም ወዳዋለች። የሌላ ክፍል ልጆች ሲወጡ መሀላቸው ገብታ ወጥታለች። እናቷ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፣ ዳቦ ቤቱ ደግሞ ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው። ያኔ እኔ ጋ ስትመጪ «ይሄንንም መንገድ ሰው ይሻገረዋል?» ያልሽው መንገድ።

ከሦስት ሰዓት በላይ ፈለግናት እትዬ። ጥበቃው ወደ ላይ፣ ርዕሰ መምህሩ በመኪናው ወደ ገበያው፣ እኔ ወደ ታች። ያገኘሁትን ሁሉ «ትንሽ ልጅ፣ ሰማያዊ ሹራብ» እላለሁ። ሰዉ ሰማያዊ ሹራብ ሁሉ ያሳየኛል፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰማያዊ ሹራብ መሆኑን የረሳሁ ይመስል። ዳቦ ቤቱ ደርሼ እናቷ ፊት ቆምኩ። ዱቄት በነካው እጇ ትከሻዬን ይዛ «ልጄ ምን ሆነች?» አለችኝ። «እዚህ አልመጣችም?» አልኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የእናትየዋ ስልክ ጮኸ። አንድ ሶፋ ሠሪ ነው፤ ቁጥሩን ከልጅቷ ቦርሳ ላይ አግኝቶ። ከሱቁ ጀርባ ስፖንጅ የሚከምርበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አንዲት ልጅ ተኝታ አገኘ። መንገዱን ተሻግራ፣ ዳቦ ቤቱ የት እንደሆነ ጠፍቷት፣ አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ስፖንጁ ላይ ወጥታ እንቅልፍ ወስዷታል። ስንደርስ ነቅታ ከሠራተኞቹ ጋር ብስኩት ትበላለች። የአንድ እግሯ ጫማ የለም። «ቲቸር፣ መኪናው ጡሩምባ ነፋብኝ፤ ጫማዬ መሀል መንገድ ላይ ቀረ» አለችኝ፣ ደስ የሚል ተረት እንደምታወራ ሁሉ። እዚያው ስፖንጁ ላይ ተቀመጥኩ።

እናትየዋ ልጇን አቅፋ፣ ስማ፣ እግር እጇን አገላብጣ አይታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች። «ለምንድነው ዛሬ ያስወጣችኋቸው? ሐሙስ ነው አላሉም?» አለችኝ።

«ማክሰኞ ነው ያልኩት» አልኳት። ኮስተር ብዬ ነው ያልኳት፤ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሽርጧ ኪስ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችልኝ። ሐሙስ ይላል። በእኔው እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ ሐሙስ።

ቤቴ ገብቼ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ነኝ፣ ሰው ይሳሳታል፤ በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ስሕተት ምን አላት? እንዲያ እያልኩ አደርኩ። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ የክፍሌን ወላጆች ጠራ። መጥተው በልጆቻቸው ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀመጡ። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር። ቆሜ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ስሕተት ሠራሁ፤ እሱም በልጅ ሕይወት ላይ ሆነ። ይቅር በሉኝ» አልኩ።

ይህኔ የሚጢጢ እናት ብድግ አለች።

«አንድ?» አለች። «አንድ ነው ያሉት ቲቸር?»

ከጎኗ ያለችው ሴት ቀሚሷን ጎተተቻት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «ተዪኝ! ልጄን ነው መኪና ሊበላት የነበረው። ልብስ ሰፊዋ ብትኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር!» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ያቺ ልጇን ይዛ ሌላ ከተማ የሄደችው ናት፤ የባሏ እናት ታመውባት፣ ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት ሐሙስ ዕለት ነው የተነሣችው። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ናት። ከሃያ ዓመት በፊት ደግሞ እዚሁ ክፍል ውስጥ ተማሪዬ ነበረች። እኔ ነገሩ አልገባኝም። «እሷን ምን አገባት?» ብዬ ጠየቅኩ።

ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። እትዬ፣ ሠላሳ ትልልቅ ሰዎች ስማቸው ሲጠራ መልሱን እንዳላጠኑ ልጆች መሬት መሬቱን ሲያዩ ይታይሽ። ርዕሰ መምህሩን አየሁት፤ እሱም እንደኔው ግራ ገብቶታል። በመጨረሻ ታክሲ ነጂው፣ ያ በስልክ የሰደብኩት፣ ተነሥቶ ስልኩን ሰጠኝ። «አይቀየሙን ቲቸር» አለኝ።

የወላጆቹ ግሩፕ ነው። እኔ የሌለሁበት። በየዓርቡ ማታ የልብስ ሰፊዋ መልእክት አለ። «የዚህ ሳምንት ወረቀት ላይ ፈተናው ሰኞ ይላል፤ ረቡዕ ነው፣ ከሌላኛው ሁለተኛ ክፍል አጣርቻለሁ።» «መቀነስን አሁንም በዚህ ሳምንት የተማርነው ብለው ጽፈዋል፤ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ልጆቹ የሚያጠኑት ማባዛት ነው።» «የስፖርት ልብስ ሐሙስ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ቀናት ተዉአቸው።» ወደ ላይ እገፋዋለሁ፤ አያልቅም። ከትምህርት መክፈቻ ጀምሮ ነው። ከእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ ደግሞ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፏል፦ «ለቲቸር ማንም እንዳይነግራቸው።»

ሠላሳ አራት ቤት የሚያውቀውን እኔ ብቻ አላውቅም። በየሰኞው ወረቀቱ ሁሉ ተፈርሞ ሲመለስልኝ «ጎሽ፣ አንብበዋል» እል ነበር። ስልኩን መለስኩለትና ወደ ሰሌዳው ዞሬ ያልተጻፈበትን ማጥፋት ጀመርኩ። እንዴት እንደወጡ አላየሁም።

ልብስ ሰፊዋ ሐሙስ ደረሰች፣ ያ በስሕተት የጻፍኩት ሐሙስ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ክፍል ድረስ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ጫማዋ የመንገድ አቧራ እንደለበሰ ነው። የዓመቱን ወረቀቶች በፋይል ይዛቸዋለች፤ ሃያ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዱ በልብስ መለኪያ ጠመኔዋ ምልክት ተደርጎበታል። «ልይ» አልኳት። «ይቅርብዎ» አለችኝ። «ልይ አልኩሽ» አልኳት፣ በድሮው ድምፄ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ሰጠችኝ።

አንዱ ላይ የጻፍኩት ዓመተ ምሕረት አንቺ ያገባሽበት ነው። አንዱ ላይ ዘንድሮ የሌሉ፣ አሁን ራሳቸው ወልደው የከበዱ ተማሪዎቼን ስም ዘርዝሬ «መጽሐፍ ያልመለሱ» ብያለሁ። አሥራ አራተኛውን ስገልጥ ልትነጥቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ቀደምኳት።

«እንዳይረሳ» ከሚለው ሥር፣ ከጥፍር መቁረጡና ከፈተናው መሀል፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ እንዲህ ይላል፦ «ለእማዬ መድኃኒት መግዛት። የጠዋቱ አልቋል።»

ይህ ተባዝቶ ሠላሳ አራት ቤት ገብቷል። እማዬ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት።

«ይህ በወጣ ሰኞ ደግሞ ሦስት ወላጆች እናትዎ እንዴት ሆኑ ብለው ጠየቁዎት» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ። ምን ብዬ መለስኩላቸው ብዬ አስጨነቅኳት። «ተሽሏታል፣ ትናንት ፀሐይ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ አሉ» አለችኝ።

አላስታውሰውም እትዬ። ብፈልገው፣ ብፈልገው የለም። ሌላ ሰው በእኔ አፍ ገብቶ የተናገረ ይመስላል። ግን ያቺን የፀሐይ ቦታ አውቃታለሁ፤ አንቺ ወንበር አውጥተሽ እማዬን ታስቀምጪባት የነበረችውን።

ያኔ ነው የጮህኩባት። «ለምን አልነገርሽኝም? ደግ የሠራሽ መስሎሽ ነው? የእናንተ ደግነት እኮ ልጅ ሊያስበላ ነበር! ወሩ ሳይሞላ ብትነግሪኝ ሚጢጢ መንገድ አትሻገርም ነበር» አልኳት። አላስተባበለችም። እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ማንበብ አልችልም ነበር። ተራዬ ከመድረሱ በፊት ጎንበስ ብለው ቃሉን በጆሮዬ ይነግሩኝ ነበር፤ ልጆቹ እንዳይስቁብኝ። አንድ ዓመት ሙሉ። ማንም ሳያውቅብኝ አንባቢ ሆንኩ። እኔም እንደዚያው ያደረግኩ መስሎኝ ነው። እርስዎም ... የሚመለስልዎ መስሎኝ ነው።»

ይህንንም አላስታወስኩትም ነበር። ይሄኛው ግን በሽታ አይደለም፤ ከስንቱ ልጅ ጋር ያደረግኩት ነገር ነው፣ ለእኔ ምንም አልነበረም። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ሁለቱ አብረው በአንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ አላውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። እሱ ራሱ አፍሮ፣ ዓይኔን ሳያይ «ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ነው የቀረው፣ ረዳት እንስጥዎትና ይጨርሱት» አለኝ። «ልጅ ባንድ እግር ጫማ መንገድ ተሻግራለች» አልኩት። «ሁለተኛ ልጅ እስክትሻገር ልጠብቅ?» ከዚያ ወዲያ አልተከራከረኝም። ክፍሉን ከጎን የምታስተምረው ወጣት መምህርት ይዛዋለች፤ ፈጣን ናት፣ ትንሽ ትጮኻለች፣ ሲውል ሲያድር ትተወዋለች። ልጆቹን ስሰናበት አንዱ «ቲቸር ጡረታ ማለት ምንድነው?» አለኝ፤ ሌላው ቀድሞኝ «ቤት ውስጥ ሆኖ የቤት ሥራ መሥራት ነው» አለው። ሳቅኩ። ሚጢጢ አዲስ ጫማዋን አሳየችኝ። እናቷ ግን ማታ በር ላይ ስንገናኝ ሰላም ሳትለኝ አለፈች። አልፈርድባትም፤ እኔ ብሆን የምብስ ነኝ።

እትዬ፣ አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አባታችን ከሞተ በኋላ እማዬ በሰዓት አሥር ጊዜ «አባታችሁ ገባ?» ስትልሽ አሥሩንም ጊዜ እንደ አዲስ «መንገድ ላይ ነው እማዬ፣ ይመጣል» ትያት ነበር። እኔ በዓመት ሁለቴ ብቅ ብዬ «ለምን ትዋሻታለሽ? አንቺ ነሽ ያጃጃልሻት» አልኩሽ። የቀብሯም ዕለት በሰው ፊት «ያለ ዕድሜዋ ያስረጀሻት አንቺ ነሽ» አልኩሽ። አንቺ ነጠላሽን ወደ ፊትሽ ሳብ አድርገሽ ዝም አልሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዝምታሽን ያመንሽልኝ አድርጌ ቆጥሬው ነበር። አሁን ገባኝ፤ አንቺ ስታውቂው የነበረውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ይቅር በዪኝ። ይቅርታውን አሁን የምለምንሽ ሁሉን ነገር በደንብ በማስታውስበት ጊዜ እንዲሆን ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አንቺን ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። እማዬ መጀመሪያ የረሳችው ምን ነበር? ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር?

ሰኞ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሸኝታኝ ውጭ ጠበቀችኝ። (ይህንንም ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ታነበዋለች፤ ቀን የሳትኩበት ካለ ታርመው።) ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የኔ ተማሪ ብትሆን አይገርመኝም፣ አልጠየቅኳትም። ሦስት ቃላት ነገረችኝ፣ ሰዓት አሣለችኝ፣ ከመቶ ሰባት ሰባት አስቀነሰችኝ፤ ከዚያ ቃላቱን መልሺ አለችኝ። አንዱን አመጣሁ። እኔ ተማሪዬ ከሦስት አንድ ብታመጣ ወረቀቷ ላይ «በርቺ» ብዬ እጽፍላት ነበር። ሐኪሟ ምንም አልጻፈችም፤ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ብዙ ነገር በዝግታ አስረዳችኝ። ያለችኝን በወረቀት አስጽፌ ይዤዋለሁ፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ።

መጨረሻ ላይ ፎርሙን እየሞላች «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከእህቴ ጋር» አልኳት።

ጻፈችው። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ እስክቆም ድረስ ምንም አልመሰለኝም ነበር። ብቻዬን ነው እኮ የምኖረው። ዋሽቻት ይሁን ተሳስቼ፣ እስካሁን አላወቅኩም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ባለቤትሽን ሳሉን ያርቅላቸው። የልጆችሽን ደጅ ሰላም ያድርገው፣ እኔ ያሳዘንኩትን ሆድሽን ደግሞ እሱ ይካስልኝ።

የእናትሽ ልጅ፣
ታናሽ እህትሽ